ቬቲኖች ከየት መጡ? አንድ የጀርመን መሳፍንት ቤት ወደ ኋላ ሲቆጠር

በጀርመን በድሬስደን ከተማ፣ ከድሮው ቤተ መንግሥት አጠገብ፣ 102 ሜትር የሚረዝም ባለ ሥዕል ግድግዳ አለ። በሥዕሉ ላይ የሳክሶኒ ገዥዎች በፈረስ ተቀምጠው በየዘመናቸው ልብስና ትጥቅ ተራ በተራ ያልፋሉ። ቪልሄልም ቫልተር የሚባል ሠዓሊ በ1870ዎቹ ሠራው። ዝናቡና ብርዱ እያበላሸው ስለሄደ ደግሞ ከ1904 እስከ 1907 ባሉት ዓመታት 23,000 ገደማ በሚሆኑ የማይሰን ፖርሴሊን ንጣፎች እንደገና ተሠራ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከመለከት ነፊዎቹ ቀጥሎ ሰልፉን የሚመራው የመጀመሪያው ገዥ ኮንራድ ይባላል፤ በ1123 የማይሰንን ግዛት የያዘ ሰው ነው። የእሱ ቤት ከዚያ እስከ ኅዳር 1918 ድረስ፣ ስምንት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ከዚያ አካባቢ ሥልጣን አልለቀቀም። ቤቱ የቬቲን ቤት ይባላል።

ሠዓሊው ሰልፉን ከኮንራድ መጀመሩ ብልህነት ነው እላለሁ። ምክንያቱም ከኮንራድ ወደ ኋላ በተሄደ ቁጥር መንገዱ ይጨልማል። አያቱ ይታወቃል፤ የአያቱ አባትም ይታወቃል። ከዚያ በላይ አንድ ስም ብቻ ይገኛል፤ ከስሙ በላይ ደግሞ አንድ ሐረግ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ግምት ነው፤ ወይም ደግሞ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ሆን ተብሎ የተሰፋ ልብስ። የቬቲኖችን አመጣጥ መረዳት ማለት እነዚህን ሁለቱን መለየት ነው፤ ማለትም እውነተኛው ዱካ የት እንደሚቆምና የተሰፋው የት እንደሚጀምር።

ዱካው የሚጀምረው ከአንድ ጳጳስ ብዕር ነው። ቲትማር ይባላል፤ ከ1009 እስከ 1018 በዛለ ወንዝ ዳር ያለችው የሜርዘቡርግ ከተማ ጳጳስ ነበር። በመጨረሻዎቹ የሕይወቱ ዓመታት የዘመኑን ነገሥታትና መኳንንት ታሪክ በላቲን ጻፈ። ቲትማር ዝርዝር የሚወድ፣ ሐሜትም የማይንቅ፣ ቂሙንም የማይደብቅ ጸሐፊ ነው፤ ለዚህም ነው ዛሬም ሲነበብ የማይሰለቸው። የራሱ እጅ ያረፈበት ብራና ድሬስደን ይቀመጥ ነበር፤ በ1945ቱ የቦምብ ድብደባ ወቅት ውሃ ገብቶበት ክፉኛ ተጎዳ። ደግነቱ ከዚያ 40 ዓመት ቀደም ብሎ በ1905 ገጾቹ በፎቶግራፍ ታትመው ነበር።

ይህ ጳጳስ ስለ አንድ ዴዲ ስለሚባል ግራፍ ሲያወራ ሰውየው የዲትሪክ ልጅ እንደሆነና ቡዚቺ ከሚባል ወገን እንደተወለደ ይነግረናል። (ግራፍ ማለት በንጉሡ ስም አንድ አውራጃ የሚዳኝና የሚያስተዳድር ሹም ነው።) ያለን መነሻ ይኸው ነው። አባት አለ፤ ወገን አለ። አያት የለም፤ የትውልድ ቦታ የለም፤ ርስቱ የት እንደነበር የለም። ስለ ቬቲኖች ጥንተ ነገር የተጻፉት ወፋፍራም መጻሕፍት ሁሉ ውለው አድረው ወደዚህች አጭር ሐረግ ይመለሳሉ።

ነገሩ ለምን እንዲህ እንደሚከብድ ለማስረዳት ስለ ስም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በ10ኛው መቶ ዓመት አንድ የጀርመን ባላባት ያለው ስም አንድ ብቻ ነው። ዴዲ ዴዲ ነው፤ ዲትሪክ ዲትሪክ ነው። የቤት ስም የለም። እኛም ብንሆን በራሳችንና በአባታችን ስም እንጠራለን እንጂ ከትውልድ ትውልድ የሚዘልቅ የቤት ስም ስለሌለን ነገሩ አያስገርመን ይሆናል፤ እነሱ ግን የአባትን ስም እንኳ አዘውትረው አያስከትሉም ነበር። ስለዚህ በአንድ ሰነድ ላይ «ግራፍ ዲትሪክ» የሚል ቢገኝ የትኛው ዲትሪክ እንደሆነ መለየት ፈተና ነው፤ በዚያ ዘመን ዲትሪክ የሚባል በየመንደሩ አለ።

ተመራማሪዎች በሦስት ነገር ይመራሉ። አንዱ በቤተሰብ ውስጥ እየተደጋገመ የሚመጣ ስም ነው፤ ልጅን በአያት ወይም በአጎት ስም መጥራት ልማድ ስለነበር ያልተለመደ ስም ሲደገም ዝምድናን ይጠቁማል። ሁለተኛው መሬት ነው፤ አንድ ርስት ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ መከተል። ሦስተኛው የገዳማት የጸሎት መዝገብ ነው፤ መነኮሳት ለሙታን ሲጸልዩ የሚያነሷቸውን ስሞች በቡድን በቡድን ይጽፉ ነበር፤ አብረው የተጻፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ዘመዳሞች ናቸው።

በዚህ መንገድ አንድ ጥሩ ፍንጭ ተገኝቷል። ቲትማር ዴዲ በልጅነቱ ያደገውና ያገለገለው በዘመዱ በሪክዳግ ቤት ነው ይላል። ሪክዳግ በ985 የሞተ የማይሰን የድንበር ገዥ ነበር፤ ጀርመኖች ይህን ሹመት ማርግራፍነት ይሉታል። ስሙ የተለመደ አይደለም። ከሁለት ትውልድ በኋላ ግን ከዴዲ የልጅ ልጆች አንዱ ሪክዳግ ተብሎ ይጠራል። ጳጳሱ የተናገረውን ዝምድና ቤተሰቡ ራሱ ያስታውሰው እንደነበር ከዚህ መገመት ይቻላል።

ቡዚቺ ስለሚለው ስም ግን ስምምነት የለም። አንዳንዶች ቡዞ የሚለው ቡርካርድ የሚለው ስም ማቆላመጫ ነው፤ ስለዚህ ወገኑ ቡርካርድ ከሚባል አባት የወረደ ነው ይላሉ። ይህን መነሻ አድርገው ሐረጉን ከደቡብ ምዕራብ ጀርመን፣ ከሽዋቦች አገር፣ ከነበሩ ታላላቅ ቡርካርዶች ጋር ለማያያዝ የሞከሩ አሉ። የቃሉ መጨረሻ የስላቭ ቋንቋዎች የዘር መጠሪያ መምሰሉም ልብ ተብሏል፤ አካባቢው በዛለ ወንዝ ዳር፣ ጀርመኖችና ሶርብ የሚባሉ ስላቮች የሚጎራበቱበት ስለነበር ጎረቤቶች የሰጡት መጠሪያ ሊሆን ይችላል። የሽዋቡን መላምት የሚደግፍ የሚመስል ሌላ ነገርም አለ። በ13ኛው መቶ ዓመት ዛክሰንሽፒገል በሚባለው የሳክሶኖች የሕግ መጽሐፍ ላይ የተጨመረ አንድ መቅድም የማይሰንን ገዥዎችና የብሬናን ግራፎች፣ ሁለቱም ከቬቲን ቤት የሆኑ፣ ከሽዋቦች ይቆጥራቸዋል። ይህን ልብ በሉ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

ለመሆኑ ዴዲ ምን ዓይነት ሰው ነበር? ቲትማር እንደሚለው ከሆነ ጨካኝ ጎልማሳ ነበር። በ970ዎቹ የባየርኑ መስፍን ሃይንሪክ በንጉሠ ነገሥቱ በ2ኛው ኦቶ ላይ ባመፀ ጊዜ የቦሄሚያ ጦር ከአመፀኛው ወገን ሆኖ ገባ። ያን ጦር እየመራ የጻይትስን ቤተ ክርስቲያን የዘረፈው ዴዲ ነው ይላል ጳጳሱ። የገዛ እናቱንም ከሌላው ምርኮ ጋር አስነድቶ ወሰዳት። እናት የምትማረክበትን ምክንያት ቲትማር አልነገረንም፤ ምናልባት ርስት የሚያጣላቸው ነገር ነበረ። በኋላ ከንጉሡ ጋር ታርቆ፣ የሰሜኑን የድንበር ገዥ ልጅ ቲትቡርጋን አግብቶ፣ የሜርዘቡርግን ግራፍነት አገኘ። ከወንድሙ ከፍሪድሪክ ጋርም ጾርቢግ የሚባለውን ቦታ በጉልት ያዘ።

እዚህ ላይ «ጉልት» ያልሁት በነሲብ አይደለም። የጀርመን መኳንንት በዚያ ዘመን ሁለት ዓይነት መሬት ነበራቸው፤ አንዱ ከአባት የወረደ ርስት፣ ሌላው ንጉሥ ለአገልግሎት የሚሰጠው ጉልት። ግራፍነትም ሆነ ማርግራፍነት ሹመት ነበር፤ ንጉሥ የሰጠውን ንጉሥ ይነሳል። አንድ ቤት ገናና ሆነ የሚባለው ይህን የሹመት መሬት ቀስ በቀስ ወደ ርስትነት ለውጦ ልጅ ከአባት እንዲወርሰው ማድረግ ሲችል ነው። የቬቲኖች የመጀመሪያ ሁለት መቶ ዓመት ታሪክ በአብዛኛው የዚህ ትግል ታሪክ ነው፤ ደም የፈሰሰውም በዚሁ ነው።

በ1009 ኅዳር ወር ዴዲ ተገደለ። የገደለው የቫልቤኩ ቬርነር ነው፤ የሰሜኑ ድንበር ገዥ። ቬርነር ደግሞ የጳጳስ ቲትማር የአጎት ልጅ ነው። ስለ ቬቲኖች መነሻ ያለን ዋና ምስክር የገዳዩ የቅርብ ዘመድ መሆኑን ያወቀ አንባቢ የዴዲን የእናት ምርኮ ታሪክ ሲያነብ ትንሽ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ቲትማር ዋሸ ማለቴ አይደለም፤ ስለ ሟቹ መልካም የሚያወራበት ምክንያት ግን አልነበረውም። ንጉሥ 2ኛው ሃይንሪክ ግን ፍርዱን ሰጠ፤ ቬርነር ሹመቱን አጣ፤ የዴዲ ግራፍነትና ጉልት ለልጁ ለዲትሪክ ተሰጠ። አጎቱ ፍሪድሪክ በ1017 ወንድ ልጅ ሳይተካ ሲሞት የአይለንቡርግ ምሽግም ለዚሁ ዲትሪክ ደረሰ። ቤቱ አንድ እርምጃ ተራመደ።

ይህ 2ኛው ዲትሪክ ያገባው የዘመኑን ኃያል ቤት ልጅ ነው፤ ማቲልደን፣ የማይሰኑን ማርግራፍ የአንደኛው ኤከሃርድን ልጅ። በጋብቻ የተገኘ ወንድም ግን ወንድም አልሆነለትም። በ1034 የሚስቱ ወንድም የ2ኛው ኤከሃርድ ሎሌዎች ሰላምታ ሊያቀርቡ የመጡ መስለው መኝታ ክፍሉ ድረስ ገብተው ገደሉት። የሚገርመው ቀጥሎ የሆነው ነው። በ1046 ኤከሃርድ ልጅ ሳይወልድ ሞተ፤ ከግዛቱ አንዱን ክፍል፣ የታችኛው ላውዚትስ የሚባለውን የድንበር አገር፣ የያዘው የሟቹ የዲትሪክ ልጅ ዴዶ ሆነ። ዴዶ ለኤከሃርድ የእህት ልጅ ነው። አባቱን ያስገደለውን አጎት ወረሰ ማለት ነው። 

ዲትሪክ ስድስት ወንዶች ልጆች ነበሩት። አንዱ ፍሪድሪክ የሙንስተር ጳጳስ ሆነ። ዴዶ ላውዚትስን ያዘ። ቲሞ የሚባለው ደግሞ ቬቲን የተባለውን ምሽግ ጨምሮ በዛለ አካባቢ ያለውን መሬት ያዘ። ቬቲን ዛሬም አለ፤ ከሃለ ከተማ ወደ ሰሜን፣ ወንዙን ቁልቁል በሚያይ ቋጥኝ ላይ የተሠራ ነው። ስሙ በጽሑፍ የሚገኘው ከ961 ጀምሮ ነው፤ ከቤተሰቡ በፊት ቦታው ነበረ።

በ11ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ12ኛው መጀመሪያ ላይ በመላ ጀርመን አንድ ለውጥ ይታያል። መኳንንቱ ድንጋይ በድንጋይ የሆነ ምሽግ ኮረብታ ላይ እየሠሩ በምሽጉ ስም መጠራት ጀመሩ። ሃብስቡርጎች፣ ሆሄንሽታውፈኖች፣ ቪተልስባኮች ስማቸውን ያገኙት በዚሁ መንገድ ነው። በፊት ሰው ዘመዶቹን የሚቆጥረው በአባትም በእናትም ወገን ሰፋ አድርጎ ነበር፤ ከማን ጋር እንደሚቆም የሚወስነው የትኛው ዘመድ ዛሬ ንጉሡ ዘንድ እንደሚደመጥ ነበር። ምሽጉ ሲመጣ ነገሩ ጠበበ፤ ከአባት ወደ ልጅ የሚሄድ አንድ መስመር ዋናው ሆነ፤ ምክንያቱም ምሽግን እንደ ከብት ለዘመድ ሁሉ ማከፋፈል አይቻልም። ስለዚህ ዴዲንና አባቱን «ቬቲን» ብሎ መጥራት የኋላ ሰዎች ልማድ ነው። እነሱ በዚያ ስም ራሳቸውን አያውቁትም።

የቲሞ ልጅ ኮንራድ ነው፤ በድሬስደን ግድግዳ ላይ ሰልፉን የሚመራው። ወደ ማይሰን የደረሰበት መንገድ ግን በሥዕሉ ላይ እንደሚታየው የተከበረ አልነበረም።

የዴዶ ልጅ፣ የአይለንቡርጉ ሃይንሪክ፣ በ1089 ከንጉሠ ነገሥት 4ኛው ሃይንሪክ የማይሰንን ማርግራፍነት አግኝቶ ነበር። በ1103 ከስላቮች ጋር ሲዋጋ ሞተ። ሚስቱ የብራውንሽቫይጓ ጌርትሩድ፣ ሀብታምና ቆራጥ ሴት፣ እርጉዝ ነኝ አለች። ወንድ ከወለደች ግዛቱ የሕፃኑ ነው፤ ካልወለደች ለወንድ ዘመዶች ክፍት ይሆናል። የቤቱ ሰዎች ስለተጠራጠሯት እርግዝናዋን በአደባባይ አሳየች ይባላል። ወንድ ልጅ ወለደች፤ ስሙንም በአባቱ ስም ሃይንሪክ አለችው። ወሬው ግን አልቆመም። ሴት ልጅ ወልዳ ከአንድ ወጥ ቤት ሠራተኛ ወንድ ልጅ ጋር ለውጣታለች ተባለ።

ይህን ወሬ አጥብቆ የያዘው ኮንራድ ነበር። ለሟቹ የአጎት ልጅ ስለሆነ ሕፃኑ የወጥ ቤት ልጅ ከሆነ ወራሽ እሱ ነው። ሕፃኑ አድጎ ጎልማሳ ሲሆን ክርክሩ ወደ ጦር ዞረ፤ ኮንራድ ተማርኮ በኪርሽቤርግ ምሽግ ታሰረ። ዕድሉ ግን ከእስር ቤት አወጣው። በ1123 ወጣቱ ሃይንሪክ ልጅ ሳይተካ ሞተና ኮንራድ ተፈታ።

በዚያ ዘመን የዘር ክርክር ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። ማንም የጸሎት መዝገብ አላገላበጠም፤ ማንም የቡዚቺን ስም አላነሣም። ጥያቄው የሰባት ትውልድ ሐረግ አልነበረም፤ ይህ ልጅ የዚያች ሴት ልጅ ነው ወይስ አይደለም የሚል ነበር። መልሱንም የሰጠው ማስረጃ ሳይሆን ሞት ነው።

ሞትም ቢሆን ብቻውን አልበቃም። ንጉሠ ነገሥት 5ኛው ሃይንሪክ ማይሰንን ለኮንራድ ሳይሆን ለግሮይቹ ቪፕሬክት ሰጠ። የሳክሶኒው መስፍን ሎታር ግን በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ተነሥቶ ኮንራድን በጦር ማይሰን ላይ አስቀመጠው። ቪፕሬክት በ1124 ሞተ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1125 ሞተ፤ የተመረጠው አዲሱ ንጉሥ ደግሞ ሎታር ሆነ። በሁለት ዓመት ውስጥ ኮንራድን የሚከስ ሁሉ አለቀ፤ ደጋፊው ዘውድ ጫነ። ከዚያ ወዲያ ተራው የመሰብሰብ ነበር፤ በ1136 የታችኛውን ላውዚትስ፣ በ1143 ሮክሊትስን፣ ቀጥሎም የግሮይችን ውርስ ጨመረ። በኋላ «ታላቁ» የተባለው ለዚህ ነው። በ1156 በማይሰን ካቴድራል ትጥቁን ፈትቶ ፔተርስቤርግ በሚባለው ገዳም ገባ፤ በሚቀጥለው ዓመት የካቲት ወር እዚያው ሞተ።

ግዛቱን ለአምስት ልጆቹ አከፋፈለ። ኦቶ ማይሰንን፣ ዲትሪክ ላውዚትስን፣ ዴዶ ሮክሊትስን፣ ፍሪድሪክ ብሬናን አገኙ። ሃይንሪክ ደግሞ ቬቲንን። ልብ ብላችሁ ከሆነ ስሞቹ ራሳቸው የዘር ሐረግ ናቸው፤ ዲትሪክ፣ ዴዶ፣ ፍሪድሪክ ከቲትማር ዘመን ጀምሮ የምናውቃቸው ናቸው። ጉልቱም ርስት ሆኗል።

የፔተርስቤርግ ገዳም የቤቱ መቃብር ነበር። የቤቱን ሐረግ በመጀመሪያ አስተካክለው የጻፉትም የዚያ መነኮሳት ናቸው፤ በ1216 ወይም በ1217 ገደማ «የቬቲኖች የትውልድ መዝገብ» ተብሎ የሚታወቀውን አጭር ጽሑፍ አዘጋጁ። መዝገቡ የሚጀምረው ከዴዲ አባት ከዲትሪክ ነው፤ እጅግ የተከበረ ነፃ ሰው እንደነበር ይናገራል። ከዚያ በላይ አልወጣም። ይህ የመነኮሳቱ ቁጥብነት ያስደንቀኛል። ጌቶቻቸው ኃያላን ነበሩ፤ ሮማዊ ወይም የትሮይ ጀግና አምጥተው ቢሰኩበት ማንም አይከለክላቸውም ነበር። እነሱ ግን የሚያውቁትን ጽፈው ቆሙ። በ1997 ታሪክ ተመራማሪው ሽቴፋን ፔትሶልድ ስለ ቀደሙት ቬቲኖች ትልቅ መጽሐፍ ሲያሳትም ከመነኮሳቱ ዲትሪክ በላይ ያለውን ግምት በብዙ ጥርጣሬ ነው ያየው። ስምንት መቶ ዓመት ምርምር ሐረጉን አንድ አስተማማኝ ትውልድ እንኳ ወደ ላይ አላሻገረውም።

በመካከል ግን ሌላ ዓይነት ሥራ ተሠርቷል፤ እሱን ለመረዳት መጀመሪያ ቤቱ ከኮንራድ በኋላ እንዴት እንደገነነ ማየት ያስፈልጋል። በ1168 ገደማ በኦቶ ግዛት፣ በኋላ ፍራይቤርግ በተባለው ቦታ፣ ብር ተገኘ፤ ኦቶ «ባለጸጋው» ተባለ። በ1247 የቱሪንገን ገዥ ቤት በወንድ ሲቋረጥ ቬቲኖች በእናት ወገን ይገባናል ብለው ተዋግተው ወረሱ። በ1423 ደግሞ ንጉሥ ዚጊስሙንድ በሁሳውያን ጦርነት ላገለገለው ለፍሪድሪክ ተዋጊው ወራሽ ያጣውን የሳክሶኒ መስፍንነት ሰጠው፤ ንጉሥ ከሚመርጡት ሰባት መሳፍንት አንዱ አደረገው።

እዚህ ላይ አንድ ችግር መጣ። የጥንቱ የሳክሶኖች አገር በሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ቬዘር ወንዝና ወደ ቬስትፋለን ነው። ማይሰን ያለው በምሥራቅ፣ በሶርቦች አገር ነው። «ሳክሶኒ» የሚለው ማዕረግ በውርስና በሹመት እየተንከባለለ ወደ ምሥራቅ መጥቶ ሳክሶኖች ወዳልነበሩበት አገር ገባ። ቬቲኖች የሳክሶኒ መሳፍንት ሆኑ እንጂ ሳክሶኖች ለመሆናቸው ማስረጃ አልነበራቸውም፤ ከላይ ያነሣሁት መቅድምማ ሽዋቦች ነው የሚላቸው። ስለዚህ አያት አስፈለገ።

የተገኘው አያት ቪዱኪንድ ነው፤ ከካርል ታላቁ ጋር ዓመታት ተዋግቶ በ785 በአቲኚ የተጠመቀ የሳክሶኖች መሪ። ከእሱ የተሻለ አይገኝም፤ ጥንታዊ ነው፤ ጀግና ነው፤ ክርስቲያን ሆኖ ሞቷል። ከሁሉም በላይ፣ ከቪዱኪንድ የወረደ ሰው ሳክሶኒን በሹመት አገኘ አይባልም፤ የአያቱ ቤት ተመለሰለት ይባላል። በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዓመት ይህ ሐረግ በመጻሕፍትና በሥዕል ተስፋፋ። ማርቲን ሉተርን የጠበቀው መስፍን ፍሪድሪክ ጠቢቡም ጆርጅ ሽፓላቲን የሚባለውን ጸሐፊ የሳክሶኒን ታሪክ እንዲጽፍ አዞት ነበር፤ ሥዕሎቹ የተሠሩት በሉካስ ክራናክ ቤት ነው። ከቪዱኪንድ ጥምቀት እስከ ዴዲ አባት ድረስ ግን ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ አለ፤ ያን የሚያገናኝ አንድም የዘመኑ ሰነድ የለም። በመካከል የገቡት ስሞች ክፍተቱን ለመሙላት የመጡ ናቸው።

በ1485 ሁለት ወንድማማቾች፣ ኤርንስትና አልብሬክት፣ ግዛቱን ተካፍለው ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። የድሬስደኑ ግድግዳ መጨረሻ ላይ ያሉት ነገሥታት ከአልብሬክት ወገን ናቸው። የኤርንስት ወገን ደግሞ በየትውልዱ እየተከፋፈለ ወደ ትንንሽ መስፍንነት ወረደ። ኢትዮጵያ ከዚህ ቤት ታሪክ ጋር የምትገናኘው ከእነዚህ ትንንሾች በአንዱ ነው። የጎታው መስፍን ኤርንስት፣ «መንፈሳዊው» የሚባለው፣ በ1652 የመካነ ሥላሴውን አባ ጎርጎርዮስን ከሮም ወደ ቤተ መንግሥቱ ጋበዘ። አባ ጎርጎርዮስ እዚያ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተቀምጠው ያደረጉት ንግግር ነው ሉዶልፍ በ1681 ላሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ፣ በ1698 ላሳተመውም የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስው መሠረት የሆነው። የጋበዛቸው መስፍን በቀጥታ የወንድ ሐረግ የኮንራድ፣ በዚያም በኩል የዴዲ ዘር ነው።

ቬቲን የሚባለው ምሽግስ? የምሽጉን ስም የያዘው የሃይንሪክ ወገን በ1217 ተቋረጠና ቦታው ወደ ብሬናዎቹ ዘመዶች አለፈ። እነሱም በ1288 ለማግደቡርግ ሊቀ ጳጳስ ሸጡት። ከዚያ ወዲህ የቬቲን ቤት ቬቲንን ይዞ አያውቅም፤ ስሙ ብቻ ቀረ።

ስሙም ቢሆን ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲሄድ ተለዋወጠ። ከኤርንስት ወገን የሆኑት የኮቡርግ መሳፍንት በ19ኛው መቶ ዓመት በየአገሩ ዙፋን ላይ ተቀመጡ። ሊዮፖልድ በ1831 የቤልጂግ ንጉሥ ሆነ። የወንድሙ ልጅ አልበርት በ1840 ንግሥት ቪክቶሪያን አገባ፤ በ1965 አዲስ አበባን የጎበኙት ንግሥት ኤልሳቤጥ በአባታቸው ወገን የእሱ ዘር ናቸው። ጀርመን ጠላት በሆነችበት በ1917 አያታቸው ጆርጅ 5ኛ የቤቱን ስም ዊንዘር ብለው ለወጡት። የቡልጋሪያው ቅርንጫፍ ግን አልለወጠም። በልጅነቱ ከ1943 እስከ 1946 ንጉሥ የነበረው ስምዖን ከረጅም ስደት ተመልሶ በ2001 ፓርቲ አቋቁሞ ምርጫ አሸነፈ፤ እስከ 2005 ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር። እንደማንኛውም ዜጋ የቤተሰብ ስም ማስመዝገብ ነበረበትና ሳክስኮቡርግጎትስኪ ተብሎ ተመዘገበ።